ከመቶ ዘጠና ሰባት

“ቀስ በሉ፣ ጫፉ እንዳይቀደድ” አለ ሥራ አስኪያጁ፣ ከመኪናው ላይ የወረደውን ጥቅል እየተከተለ። ሁለት ዘበኞች ጥቅሉን በውሃ ማጣሪያ ጣቢያው በር ላይ ዘርግተው በገመድ ሲያስሩት፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ቁልፏን እንደያዘች ቆማ አነበበችው። ጽሑፉ ሰማያዊ፣ ቁጥሩ ቀይ ነው፤ ቁጥሩ ከጽሑፉ ይገዝፋል። “በውሃችን ውስጥ ካለው የማይታይ ፕላስቲክ ከመቶ ዘጠና ሰባቱን እናስወግዳለን” ይላል። ባነሩ ራሱ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ነው። ከበሩ አጠገብ የማጠራቀሚያው ገንዳ አለ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር የባነሩ ጫፍ ውሃውን ሊነካ ምንም አይቀረው።

“ይሄን ማን አሳተመው?” አለች።

“እኔ ነኛ። ማተሚያ ቤቱ ሊዘጋ ሲል ነው የደረስኩበት፣ በልመና ነው የሠሩልኝ።”

“ደግሜ ልየው አላልኩህም?”

“ዘጠና ሰባት ነው ያልሽኝ።”

“ዘጠና ሰባት ይመስላል፣ ግን ደግሜ ልየው ነው ያልኩህ።”

“እሱንም ብለሻል” አለ ገመዱን እያጠበቀ። “ችግር የለም። አሁን ገብተሽ ታይዋለሽ።”

ይህን ሰው በጣቢያው ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። ቧንቧ ቢፈነዳ ችግር የለም፤ መብራት ቢጠፋ ችግር የለም፤ ወንዙ ሞልቶ ጭቃው እስከ ፓምፑ ቤት ደጃፍ ቢመጣም ችግር የለም። ሠራተኛው በመጨረሻ “ችግር የለም” ብሎ ሰይሞት አረፈ፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። እሷን ደግሞ “ማግኔቷ” ይሏታል። ቦርሳዋ ውስጥ ማግኔት ስለማይጠፋ ቁልፍ ስታወጣ መቀስ ተንጠልጥሎበት ይወጣል፣ መቀሱ ላይ ደግሞ የፀጉር ማስያዣ።

ሥራዋ ለመናገር ቀላል ነው። ወንዙ ወደ ጣቢያው ሲደርስ የከተማውን ጉድ ሁሉ ተሸክሞ ነው፤ ፌስታል፣ የውሃ ጠርሙስ፣ የተቀደደ ማዳበሪያ፣ ፀሐይና ድንጋይ አድቅቀውት ዓይን የማያየው ብናኝ የሆነ። አሸዋው ጭቃውን ያስቀራል፣ ክሎሪኑ ጀርሙን ይገድላል፤ ብናኙን ግን ሁለቱም አይነኩትም፣ እሱም ማንንም ሳያስፈቅድ በቧንቧው አልፎ የሰው ብርጭቆ ድረስ ይገባል። ማግኔቷ ጥላሸት የመሰለ የብረት ዱቄት በስሱ ዘይት አሽታ ውሃው ውስጥ ትበትናለች። ዘይት የጠጣው ዱቄት ፕላስቲክ ሲያገኝ ይጣበቅበታል። ከዚያ ውሃው ታንከር ውስጥ በቆሙ የማግኔት ዘንጎች መሃል እንዲያልፍ ይደረጋል፤ ብረቱ ወደ ዘንጎቹ ይሮጣል፣ የተጣበቀበትንም ፕላስቲክ እየጎተተ ይወስዳል። ዘንጎቹ ተጠርገው ጥቁሩ ዝቃጭ ለብቻው ይቀመጣል፣ ውሃውም መንገዱን ይቀጥላል። ለመሥራት ግን ዓመታት ፈጅቶባታል። ዱቄቱ ወይ አልጣበቅ ይላል፣ ወይ ተጣብቆ አልላቀቅ ይላል፣ ወይ ማግኔቱን አምልጦ ውሃውን ሁሉ ያጠቁረዋል።

ዛሬ የውሃ ቦርዱ ይመጣል። ሊቀመንበሯ ባለፈው ጉብኝታቸው ነገሩን ቁርጥ አድርገው ሄደዋል። ሙከራው ከመቶ ዘጠናን ካለፈ የማግኔቱ ታንከር ዋናው መስመር ላይ ተገጥሞ የከተማው ውሃ በሙሉ በሱ ውስጥ ያልፋል፤ ካላለፈ ተነቅሎ ቦታው ለአዲሶቹ ፓምፖች ይለቀቃል። እስከ ትላንት ድረስ ከሰባዎቹ ፈቀቅ ያለችበት ቀን አልነበረም። ትላንት ማምሻውን በድንገት ዘጠና ሰባት አገኘች። ደስታው ከእራት በላይ አልቆየላትም። እንዲያ ያንገላታት ነገር ዛሬ ምን ቢያገኘው እጁን ሰጠ እያለች ስትገላበጥ አደረች።

ላቦራቶሪው ገብታ ነጩን ጋዋኗን ለበሰች፣ ሁለቱን የማጣሪያ ወረቀቶች አውጥታ ማይክሮስኮፑ ሥር አስቀመጠች። አንዱ ውሃው ወደ ታንከሩ ከመግባቱ በፊት የተወሰደው ነው፣ ሌላው ከወጣ በኋላ። የፊተኛውን ትላንት እሷ ራሷ ናት ያጣራችው። የኋለኛውን ልትጀምር ስትል ችግር የለም ለፎቶ ጠራት። “ታንከሩን ተደገፊ፣ ወደዚህ እዪ፣ ትንሽ ሳቅ በይ” እያለ ሲያደርቃት ቆይቶ ስትመለስ፣ የፓምፕ ሠራተኛው ጋሼ ፓምፕ የኋለኛውን ውሃ አጣርተው ጨርሰውላት አገኘች። ወረቀቶቹን በጥድፊያ ቆጠረች፣ ቁጥሩን አየች፣ ከቁጥሩ ሌላ ምንም አላየችም።

ዛሬ ረጋ ብላ ስታየው የፊተኛው ወረቀት አረንጓዴ ነው። የተለመደው ፍርፋሪ አለ፣ ነጩም ሰማያዊውም ጥቁሩም፤ የሚበዛው ግን ከፀጉር የቀጠነ፣ የሚያብረቀርቅ አረንጓዴ ክር ነው፣ አንዱ ከሌላው የማይለይ። የኋለኛው ወረቀት ላይ ለመድኃኒት ያህል እንኳ የለም።

“አንተ ደግሞ ከየት መጣህ?” አለችው ክሩን።

የወንዝ ቆሻሻ ሁሉ አንድ ቀለም መርጦ ለብሶ አይመጣም። በዚህ ሥራ ደንብ ደግሞ፣ ከወንዙ ውሃ ጋር ሁልጊዜ ንጹህ ውሃ በሌላ ወረቀት ላይ ይጣራል፤ በንጹሁ ላይ ክር ከተገኘ ክሩ ከሠሪው ወይም ከክፍሉ መጣ ማለት ነው። ባዶ ወረቀት ይሉታል። ትላንት በዚያ የፎቶ ግርግር ባዶውን ወረቀት ዘላዋለች። አሁን ከንፈሯን ነክሳ ንጹህ ውሃ ቀዳች፣ በአዲስ ወረቀት ላይ አሳለፈችው፣ አየችው። አረንጓዴ ነው።

ተናዳ ዞር ዞር አለች። መጋረጃው ነጭ ነው። የወለሉ መወልወያ ቢጫ ነው። በሩ ላይ በትልቁ “ከጥጥ ልብስ በቀር አይገባም” ብላ በእጇ የጻፈችው ወረቀት ቦታው ላይ አለ። በዚያው በር ጋሼ ፓምፕ፣ ፀጉራቸው የሸበተው ሽማግሌ፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሰው ገቡ።

“እንዴት አደርሽ ልጄ? ውሃውን ልክፈተው ወይስ እንግዶቹ ሲመጡ ይሁን?”

“ጋሼ፣ ምንድነው የለበሱት?”

“ሹራብ ነው። ብርድ ነው እኮ ዛሬ።”

“ስንት ጊዜ ነው የምለምንዎት? በሩ ላይ ተጽፏል። አፌ እስኪደርቅ ተናግሬያለሁ። ይሄው ይዩት፣ ወረቀቱን ሁሉ ሹራብዎ ሞልቶታል። ድካማችንን ሁሉ ገደል ከተቱት።”

ጋሼ ፓምፕ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሰው አዩ። ቀና አሉ። ሹራቡን በጭንቅላታቸው በኩል አወለቁ፣ በጥንቃቄ አጠፉት፣ ወጥተው ከበሩ ውጭ ባለው ቧንቧ ላይ አንጠለጠሉትና በሰማያዊ የጥጥ ቱታቸው ተመለሱ።

“ትላንት አልለበስኩትም ነበር” አሉ። ድምፃቸው ከሹራቡ ይልቅ በተነገራቸው ነገር እንደተከፉ ያሳብቃል። “ልገላግልሽ ብዬ ነው ሥራውን የያዝኩልሽ። ካበላሸሁ ይቅርታ።”

እሷም ወጣ ብላ ከሹራቡ አንድ ክር መዘዘችና ማይክሮስኮፑ ሥር አስገባችው። ወፍራም ነው፣ ሻካራ ነው፣ ቀለሙም የደረቀ ቅጠል ነው። ከዚያኛው ጋር ዝምድና የለውም። ሽማግሌውን በከንቱ አስቀይማለች፣ ክሩም አሁንም ከየት እንደመጣ አይታወቅም። በዚህ መሃል ስልኳ ጮኸ። እናቷ ናት።

“ምሳሽን ጠረጴዛ ላይ ትተሽው ሄድሽ።”

“እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ።”

“ሥራ ላይ ያለ ሰው አይበላም? እንግዶቹ መጡ?”

“ገና ናቸው። ልዝጋው፣ በኋላ እደውላለሁ።”

“ቆይማ። ሲመጡ ጋዋንሽን ቆልፈሽ ጠብቂያቸው፤ ከፍተሽ እንዳትንዘላዘዪ። አዝራሩን አጥብቄልሻለሁ።”

“የቱን አዝራር?”

“የጋዋኑን ነዋ። ሳጥበው ላልቶ አገኘሁት።”

ማግኔቷ ወደ ደረቷ አየች። አዝራሩ በእርግጥ በአዲስ ክር ተሰፍቷል። ጋዋኑም በእርግጥ ነጭ ነው፣ ከገዛችው ጀምሮ እንዲህ ነጥቶ አያውቅም።

“እማዬ” አለች፣ “ጋዋኔን አጠብሽው?”

“ከትላንት ወዲያ። ለብቻው በእጅ እያሸሽ አገርጥተሽው፣ አይቼ እንዴት ዝም ልበል? ልጄ ሰው ፊት ቢጫ ለብሳ ትቁም? ማሽኑ ውስጥ ከትቼ፣ ያንን ሽታው ደስ የሚለውን ፈሳሽ ጨምሬ አፍታም አልፈጀብኝ።”

“ለብቻው ነው ያጠብሽው?”

“ለአንድ ጋዋን ማሽን ይነሳል? ከብርድ ልብሴ ጋር ነው እንጂ። ከአዲሱ ጋር። ከአረንጓዴው።”

አረንጓዴውን ብርድ ልብስ የገዛችው ራሷ ማግኔቷ ናት። የእናቷ ጉልበት ብርድ አይችልም፤ ሱቅ ውስጥ ስትዳስሰው ለስላሳና ሙቅ ሆኖ አገኘችው፣ ከምን እንደተሠራ እያወቀች ዓይኗን ጨፍና ገዛችው። ጋዋኑን ግን ማንም እንዳይነካባት በግልጽ ተናግራለች፣ አንዴ አይደለም፣ በየሳምንቱ ነው። ጮክ ብላ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ጋሼ ፓምፕ አጠገቧ ቆመዋል።

“ነጭ አልሆነም እንዴ?” አለች እናቷ።

“ሆኗል። ስመጣ እናወራለን” ብላ ዘጋችው።

ፕላስተር ቆርጣ እጅጌዋ ላይ ለጥፋ አነሳችውና አየችው። ፕላስተሩ ሳር የበቀለበት ይመስላል። ጋዋኑን አውልቃ፣ የሚከተው ሌላ ዕቃ ስላጣች ፌስታል ውስጥ ከታ አፉን ቋጠረችው።

“ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ” አለች። “እኔው ነኝ። ክሩ ከኔ ጋዋን ነው። እናቴ አጥባው ነው።”

ሽማግሌው ፊታቸው ፈታ አለ። “እናት ናት እንግዲህ፣ ምን ታደርጊያታለሽ” አሉ። “እንግዲያው ሹራቤን ልልበሰው?”

“አይ፣ እሱም አይገባም።”

“እሺ፤ በብርድ ልሙትልሽ” አሉና ሳቁ።

እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም። ነገሩ ገብቷታል። የፊተኛውን ወረቀት በዚያ ጋዋን ሆና ሞላችው፤ የኋለኛውን ጋሼ ፓምፕ በጥጥ ቱታቸው አጣሩት። ማግኔቱ ያልነካው፣ ወንዙም ያላመጣው የእናቷ ብርድ ልብስ እንደተወገደ ቆሻሻ ተቆጥሮላታል። አረንጓዴውን እየዘለለች እንደገና ቆጠረች። ሰባ ምናምን ነው፤ ያንኑ የለመደችው ሰባ ምናምን።

ችግር የለም አዲስ ከረባት አስሮ ገባ። “መንገድ ላይ ናቸው። ጋዋንሽስ? ባለ ጋዋን ሆነሽ ብትታዪ ጥሩ ነው።”

“ተቀመጥ” አለችው። “ውጤቱ ልክ አይደለም።”

ነገረችው። እያረፈ “እ” ሲል አዳመጣትና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

“አረንጓዴው ሲቀነስ ስንት ነው?”

“ሰባ ምናምን። እሱንም አላምነውም። ከሥር ከመሠረቱ እንደ አዲስ መሥራት አለብኝ።”

“መቼ ይደርሳል?”

“ከሰዓት በኋላ።”

“ሰዎቹ አሁን ነው የሚደርሱት።”

“አውቃለሁ።”

“ባነሩ ተሰቅሏል።”

“አውቃለሁ አልኩህ እኮ። ደግሜ ልየው ያልኩህ ለምን ይመስልሃል?”

ችግር የለም ከረባቱን አላላ። “አንድ ነገር ልጠይቅሽ” አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። “ታንከሩ ተነቀለ እንበል። ከነገ ጀምሮ ከውሃው ውስጥ ከመቶ ስንቱ ይወጣል?”

“ምንም።”

“ሰባ አይሻልም?”

“ጥያቄው እሱ አይደለም።”

“እሱ ነው እንጂ። ልጆቼ የሚጠጡት ይሄንኑ ውሃ ነው። እናትሽም የምትጠጣው ይሄንኑ ነው። ዋሺ አላልኩሽም። ስለ ክር የጠየቀሽ ከሌለ ስለ ክር አታውሪ፣ በቃ። አንዴ ከተገጠመ በኋላ ቀስ ብለሽ ዘጠና ታደርሺዋለሽ።”

የፌስታሉን ቋጠሮ አጠበቀች። ሌላ ሰው ቢሆን ልክ ልኩን ትነግረው ነበር። ይህ ሰው ግን ዘንጎቹን የሚሞላ ማግኔት ሲጠፋ ከተጣሉ የድምፅ ማጉያዎች ውስጥ አብሯት ሲነቅል ከርሟል፤ የታንከሩን ክዳን በትከሻው ተሸክሞ ያመጣው እሱ ነው። የተናገረውም ቢሆን እውነት አለበት። ውጭ የመኪና በር ሲዘጋ ተሰማ።

“እና?” አለ ተነስቶ።

“እንጃ” አለች። እውነቷን ነበር።

ሊቀመንበሯ መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ቁመታቸው አጭር፣ እርምጃቸው ፈጣን ሴት ናቸው። ከኋላቸው የቦርዱ አባላት ተከትለው ክፍሉን ሞሉት። ማግኔቷ ደረቱ ላይ የሻይ ጠብታ ያለበት የጥጥ ሸሚዟን ለብሳ ከግድግዳው ተጠግታ ቆመች። ችግር የለም ንግግሩን ጀመረ፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ማግኔቱ፣ ስለ ሠራተኛው ትጋት፣ በመጨረሻም ስለ ዘጠና ሰባት። ቁጥሩ ላይ ሲደርስ ድምፁ እንደ ልማዱ አልሞላለትም። እንግዶቹ ግን አጨበጨቡ። ማግኔቷ ጭብጨባው ደስ እንዳላት አወቀች። ታንከሩ መስመሩ ላይ ተገጥሞ፣ ውሃው እየተጥመለመለ ሲያልፍ ታያት። ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባት፤ ዝም ማለት ደግሞ ያን ያህል ከባድ ነገር አይደለም ስትል አሰበች።

“እስቲ ልየው” አሉ ሊቀመንበሯ፣ መነጽራቸውን አድርገው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። “ይሄ ከመግባቱ በፊት ያለው ነው? አቤት አቤት፣ ይሄን ሁሉ ነው የምንጠጣው? ይሄ አረንጓዴው ምንድነው?”

ችግር የለም ከረባቱን አስተካከለ።

“ክር ነው እኮ” አሉ ራሳቸው። “የልብስ ክር ነው። ገባኝ፤ ከላይ ወንዙ ዳር ያለው የልብስ ፋብሪካ ነው። ስንት ጊዜ አስጠነቀቅናቸው?” ቀና ብለው አጠገባቸው ወደቆመው ወጣት የቦርድ አባል ዞሩ። “ነገ በጠዋት ሰው ይሂድልኝ። ፍሳሻቸውን እስኪያስተካክሉ ይታሸግ። ሠራተኛውንም ቢሆን ይበትኑት፣ ምን አገባኝ። ማስረጃው ይሄው፣ በዓይኔ አየሁት።”

ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ መጻፍ ጀመረ። ማግኔቷ ወደ ችግር የለም አየች፤ እሱም ወደ ጣሪያው አየ።

“ፋብሪካው ምንም አላደረገም” አለች። “እናቴ ናት።”

“ማናት?”

“እናቴ። ጋዋኔን ከብርድ ልብሷ ጋር አጠበችው። ክሩ የብርድ ልብሱ ነው። የፊተኛውን ወረቀት ያንን ጋዋን ለብሼ ሠራሁት፣ ለዚህ ነው እንዲህ የሞላው። ባዶውን ወረቀት ባልዘልለው ኖሮ ትላንትናውኑ አውቀው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘጠና ሰባት የሚባል ነገር የለም።”

ከኋላ አንዱ ሳቁን ማፈን አቃተው፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሊቀመንበሯ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው አዩዋት።

“ታዲያ ልኩ ስንት ነው?”

“አላውቅም። ከሰዓት በኋላ አውቃለሁ።”

“በግምት።”

“ከዘጠና በታች ነው።”

“ለዚህ ነው ከከተማው ማዶ ድረስ የጠራችሁን?” አሉ ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው። “በሩ ላይ የሰቀልከውስ ምንድነው?”

ሁሉም ያንን የለመዱትን ቃል ጠበቁ። ችግር የለም ግን “አወርደዋለሁ” ብቻ አለ፣ ላቡን በመዳፉ እየጠረገ። እንግዶቹ የቀረበላቸውን ሻይ ሳይጠጡ ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ ሥራ ነበር። ጋሼ ፓምፕ ውሃውን ከፈቱ፣ እሷ ዱቄቱን በዘይት አሸች፣ ታንከሩ ሞላ፣ ዘንጎቹ ጥቁር ዝቃጭ እየለበሱ መጡ። ችግር የለም ባነሩን ጠቅልሎ መጋዘን ከከተተ በኋላ ከረባቱን ፈትቶ፣ ሳይጠሩት ገብቶ ዘንግ ሲጠርግ ዋለ። አልተቆጣትም፣ አላናገራትምም። ባዶው ወረቀት በዚህ ጊዜ እውነትም ባዶ ሆኖ ወጣ። ሁለቱን ወረቀቶች ቆጠረች፣ ደገመች፣ ከዚያ ሳትቀመጥ ለሊቀመንበሯ ደወለች።

“ሰባ አራት” አለች።

“ዘጠና ነበር ያልነው” አሉ ሊቀመንበሯ።

“አዎ፣ ዘጠና ነበር።”

“እንግዲህ ታንከሩ ይነሳል። ቃል ቃል ነው። አዲሶቹ ፓምፖች ሲመጡ ይነሳል።”

“መቼ ነው የሚመጡት?”

“ጉዳዩ ግዢ ክፍል ነው ያለው።” ሊቀመንበሯ ሳል አሉ። “ግዢ ክፍልን ታውቂያለሽ።”

“አውቃለሁ።”

“ፓምፖቹ እስኪመጡ ባለበት ይቆያል። እስከዚያ ምን እንደምትሠሪበት እኔ አልጠይቅሽም። ሁለት ጊዜ አሳልፈሽው ታውቂያለሽ? ውሃውን?”

“አላውቅም። በአንዱ መች አረፍኩ።”

“እንግዲህ ጊዜ አለሽ” አሉና ዘጉት።

ግዢ ክፍል አንድ ካርቶን ጓንት ለመግዛት ከዓመት በላይ ሲያመላልሳት ስንቴ እንዳለቀሰች የምታውቀው እሷ ናት። ዛሬ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፉን ያርዝምለት ብላ መረቀችው።

ወደ ቤት ስትሄድ ፌስታሉን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ መንገዱን በሙሉ ለእናቷ የምትናገረውን ስታሰናዳ መጣች። ስንት ጊዜ ነው የነገርኩሽ ብላ ትጀምራለች። በልጅነቴም እንዲሁ ነበርሽ፣ ደብተሬን አቧራ ነካው ብለሽ በእርጥብ ጨርቅ የወለወልሽ ሰው ነሽ ትላለች። ሰው የማይታየውን ነገር ሁሉ የለም ማለት ነው ወይ ትላለች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ንግግሩ አልቆ፣ ነጥብ እንኳ አልጎደለውም ነበር።

እናቷ ሶፋው ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ጉልበቷ ላይ አረንጓዴውን ብርድ ልብስ አድርጋ ጠበቀቻት። ጥዋት ረስታው የሄደችው ምሳ ሞቆ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል።

“መጣሽ? ንገሪኝ፣ እንዴት ነበር?” አለች ገና ሳትገባ። “ጋዋንሽን አዩት?”

“አዩት።”

“ምን አሉ?”

ማግኔቷ ቆማ አየቻት። እናቷ ፊቷ በጉጉት ተሞልቶ፣ ትንፋሿን ውጣ ትጠብቃለች። ቀኑን ሙሉ ስልኩን እያየች እንደዋለች ያስታውቃል፤ ስመጣ እናወራለን ስለተባለች ብቻ አልደወለችም። የተሰናዳው ንግግር ከየት መጀመር እንዳለበት ጠፋባት።

“የቦርዱ ሊቀመንበር ሳይቀሩ ስለሱ ነው ያወሩት” አለች። “ከስብሰባው ግማሹ ስለ ጋዋኑ ነበር።”

“አላልኩሽም?” አለች እናቷ። “አላልኩሽም፣ ሰው ፊት ንጽሕና ነው ብዬ? አንቺ እኮ አትሰሚኝም። አምጪው በይ፣ አንዴ ለብሰሽዋልና ነገ ከብርድ ልብሱ ጋር ላዙረው።”

ከቤታቸው የሚወጣው እጣቢ ከጣቢያው በላይ ነው ወንዙ ውስጥ የሚገባው። ክሩ ድንጋይ ለድንጋይ እየተንከባለለ፣ ከነገ ወዲያ ግፋ ቢል ታንከሩ ድረስ ይመጣል። እዚያ ትጠብቀዋለች፣ ከመቶ ሰባ አራቱን ትይዘዋለች፣ የቀረውን ደግሞ ሁለተኛ ታሳልፈዋለች። ለራሷ ከጋሼ ፓምፕ አንድ ትርፍ የጥጥ ቱታ ትለምናለች።

“እንኪ” አለች፣ ፌስታሉን እያቀበለቻት። “ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ያዥው።”